«ሬዚን» ሙጫ ነው ሬንጅ? ደግሞስ ይታሸጋል ወይስ ይደፈናል?

ዘከዚራ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤቶች። የነዳጅ ጉድጓድ ማሠልጠኛ ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ከተቸነከርኩ ሦስት ቀኔ። «በብረት ቱቦውና በሲሚንቶው መሐል ያለው ስንጥቅ ለሲሚንቶ ስለሚጠብ በሬዚን ይታሸጋል» ብዬ ነበር። ሬዚን ያልኩት ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ የሚጠነክረውን ነገር ነው። አራሚው «ሬዚን»ን ሰርዞ «ሬንጅ» አደረገው። እኔ ወደ «ሙጫ» አዘነብላለሁ። «ይታሸጋል»ስ ያስኬዳል?

የፋብሪካው ልጅ፦ አራሚህ አስፋልት ሊያነጥፍ ነው እንዴ አቦ! ሬንጅ ሲሞቅ ይቀልጣል። ጉድጓድ የሚወርደው ኢፖክሲ የሚባለው የሬዚን ዓይነት ግን ሬዚኑና ማጠንከሪያው ተቀላቅሎ ይደርቃል፤ የምድር ሙቀት ሲያገኘው ጭራሽ ይፈጥናል፣ ከደረቀ በኋላ አይቀልጥም። አባቴ እዚሁ ድሬ ሲሚንቶ ሲያመርት ነው የሸበተው፣ ስለ ሲሚንቶ ክፉ አላወራም፤ ግን ዱቄት ነው። ትልልቁ ቅንጣት እስከ 100 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ፣ ይደርሳል። ስንጥቁ ከጠበበ ውሃው ሾልኮ ዱቄቱ ደጅ ይቀራል። ሬዚን ቅንጣት የለውም።

መሪጌታ ዘሐረር፦ ልጆቼ፣ መጽሐፍ ሳለ ምን ያጣላችኋል? ኖኅ መርከቡን «በቅጥራን ለቅልቃት» ተባለ። የሙሴ እናትም የደንገሉን ሣጥን «ዝፍትና ቅጥራን ለቀለቀችው»፣ ዘጸአት 2። ግሡ መለቅለቅ ነው።

ቀፊራ፦ የኔታ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኛ የምንለቀልቀው ወለል ነው፣ በእበት። መዳፍ የሚደርስበት ላይ ላዩን ነው። ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚገባን ነገር «ለቀለቀ» ካልን ቤታችንን የሠሩት እናቶች ይታዘቡናል።

መሪጌታ ዘሐረር፦ የኖኅን «በውስጥም በውጭም» የሚለውን ዘለልሽው።

ቀፊራ፦ ውስጡም ገጽ ነው እኮ የኔታ! የመርከቡ ግድግዳ ውስጥ አላለም።

ሥርወ ቃል አሳዳጅ፦ ስለ ገጽ ከምትጨቃጨቁ ሬንጅን እዩት። የጣሊያን «ሬዚና» ነው፣ መንገድ ሲሠሩ የተወው። ስለዚህ አራሚው ሳያውቀው ልክ ነው።

የፋብሪካው ልጅ፦ ጣሊያን ለዚያ ነገር «ካትራሜ» ነው የሚለው። እሱም ከዐረብኛው «ቀጥራን» የተወሰደ፣ ማለትም የኔታ ያመጡት ቅጥራን። ሬዚናህን ሰብስብ።

ሥርወ ቃል አሳዳጅ፦ እሺ ሙጫስ? ወንበር ላይ «ሙጭጭ አለ» የሚባለው ከዚያው ይመስለኛል። ለጉድጓድ ከዚህ የተሻለ ምን አለ፣ ቱቦው ላይ ሙጭጭ ይላል!

ቀፊራ፦ የግራር ሙጫ ግን ውሃ ላይ ይሟሟል። ዕጣን ሻጮቹ ሶማሌዎች ሁሉንም ዓይነት ሙጫ «ሐበግ» ይሉታል፣ እነሱም ሲሸጡ ይለያሉ እንጂ።

መሪጌታ ዘሐረር፦ «ይታሸጋል»ን ተዉት። መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4፣ «ዐዘቅት ኅትምት»። ዐዘቅት በግእዝ የውሃ ጉድጓድ ነው፣ ኅትምት የታተመች። ጉድጓድ ይታተማል።

አቦ ነኝ፦ «ኩባንያው አዘቅት አተመ» ብለህ አስረክብ፣ ባለአክሲዮኖቹ ከስረናል ብለው ይሮጡ 😂

መሪጌታ ዘሐረር፦ የዛሬው አማርኛ አዘቅትን ቢያበላሸው ጥፋቱ የግእዝ አይደለም።

ዘከዚራ፦ የኔታ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ግን ነገ ጠዋት ነው የማስረክበው። ሙጫ ልበል፣ ሬዚን ብዬ ልተወው?

ቀፊራ፦ «መወተፍ»ን ማንም አላነሳም እኮ።

ሥርወ ቃል አሳዳጅ፦ ውታፍ! ቆዩ፣ እሱማ ሌላ ታሪክ አለው...