ቮልሴን ከነጌጧ ልሽጣት ወይስ አራግፌ?

ሰላም፣ የድሮ መኪና ነገር የገባችሁ ካላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። የ1963 ሞዴል ቮልስ አለችኝ፤ ቦዲዋም ሞተሯም ታድሶ አልቋል፣ አሁን ልሸጣት ነው። ችግሩ የዘመኗን ዕቃ እየለቀምኩ ጭኜባታለሁ፦ ፖርቶመጋላ፣ የጭጋግ መብራት፣ በ6 ቮልት የሚሠራ ሬዲዮ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የምትንጠለጠል የሸክላ አበባ ማስቀመጫ ሳትቀር (እሷን እንኳን ለመሸጥ አንጀቴ አይችልም)።

አንዱ ገዢ «ይሄ ሁሉ ዋጋ ይጨምርላታል» አለኝ። ሌላው ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣች ካልሆነች አልፈልግም ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ግራ ገባኝ።

ፖርቶመጋላው የጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ሲፈታ ምልክት ስለማይተው አያሳስበኝም። የሬዲዮው አንቴና ግን ፓራፋንጎው ተበስቶ ነው የገባው፤ ባወጣው ቀዳዳው አፍጦ ይቀራል፣ ልድፈነው ብል ደግሞ እንደ አዲስ ቀለም መንካት ሊመጣ ነው።

እና የዘመኑ ዕቃ መሆኑ ብቻ ይበቃል ወይስ ገዢዎች ያኔውኑ ከመኪናዋ ጋር ለመገዛቱ ወረቀት ይጠይቃሉ? ሬዲዮው ለብቻውም ፈላጊ አያጣም። ነጥዬ ብሸጠው ይሻለኛል ወይስ መኪናዋን አራቁቼ ዋጋዋን እጥለዋለሁ? እንዲህ ዓይነት መኪና ሸጣችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።