ጥቆማ፦ ላፕቶፕ የታወቀው የቺፕሴት ጉድለት እንዳለበት ለማወቅ የትኛው መንገድ ይሻላል?

አዲስ ገዢ
ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ተነጋግሬያለሁ፤ ሻጩም ከመክፈሌ በፊት ማሽኑን እንድፈትሸው ፈቅዶልኛል። የሚያሳስበኝ የተመረተው በ2011 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ መሆኑ ነው። ኢንቴል በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 31 ቀን የ6 ሲሪየስ ቺፕሴቱ (ፕሮሰሰሩን ከዲስክና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው ቺፕ) የሳታ ፖርቶች (ዲስክና ዲቪዲ የሚገናኙባቸው መስመሮች) ላይ የንድፍ ስህተት ማግኘቱን ገልጾ ቺፑን መላክ አቁሞ ነበር። የዊንዶውሱ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም፣ የአምራቹ የሲሪያል ቁጥር መፈለጊያ ወይስ ቴክኒሻን፣ የትኛውን ትጠቁሙኛላችሁ?

ሽቦ ፈቺ
እኔ የምመርጠው ዲቫይስ ማኔጀርን ነው፤ ምንም ነገር ሳያወርዱ ቁጥሩን ከራሱ ከቺፑ ያነባል። የዲስክ ኮንትሮለሮቹን ዝርዝር ዘርግተው የኢንቴሉ ሳታ ኮንትሮለር ላይ በቀኝ ይጫኑ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተው ዲቴይልስ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፣ ከዚያም ሃርድዌር አይዲ የሚለውን ይምረጡ። በሚወጣው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ "ዴቭ" (DEV) ከሚለው ቀጥሎ በ1ሲ (1C) የሚጀምር ቁጥር ካዩ ቺፕሴቱ የ6 ሲሪየስ ነው። እንዲህ ከሆነ "ሬቭ" (REV) ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ይመልከቱ፤ 04 ከሆነ ጉድለት ያለበት ቢ2 እትም ነው፣ 05 ከሆነ ደግሞ የታረመው ቢ3 ነው።

ሲፒዩ-ዚም ጥሩ ነው፤ ሜይንቦርድ በሚለው ገጽ ላይ መመልከት ያለብዎት ግን የሳውዝብሪጁን፣ ማለትም የዚሁን ቺፕሴት፣ መስመር ነው። ከእሱ በላይ ያለው መስመር የፕሮሰሰሩን ወገን ሪቪዥን (የእትም ቁጥር) ስለሚያሳይ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተሳስቶ ይደነግጣል፣ ወይም ያለ ምክንያት ይረጋጋል። በሲሪያል ቁጥሩ ላይ አልተማመንም፤ ማዘርቦርዱ አንድ ጊዜ ተቀይሮ ከሆነ ከሥር የተለጠፈው ወረቀት ውስጥ ያለውን አይናገርም።

ተጎጂ
ቴክኒሻን የሚለውን አማራጭ ከዝርዝሩ እንዲያወጡት እለምንዎታለሁ። የኔ ላፕቶፕ ሁለተኛው ዲስክ ሥራ መሀል ላይ ድንገት ይጠፋ ነበር፤ ፋይል እየገለበጥኩ መስመሩ ግማሽ ላይ ይቆምና ዲስኩ ከነስሙ ከዝርዝሩ ይሰወራል። የወሰድኩለት ሰው ዲስኩ ሞቷል ብሎ ቀየረው፤ ችግሩ ሲመለስ ዊንዶውሱ ነው ብሎ ፎርማት አደረገው፤ እንደገና ሲመለስ አዲሱም ዲስክ ብልሽት ነበረበት ብሎ ሌላ አስገዛኝ። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሞቷል የተባለውን የመጀመሪያውን ዲስክ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው፤ አንድም ፋይል ሳይጎድል ተከፈተ። ዲስኩ የተቀመጠው በዲቪዲ ድራይቩ ቦታ በካዲ (ዲስኩን በዚያ ቦታ በሚይዝ ማቀፊያ) ነበር፣ ቺፕሴቱም ቢ2 ነበር። ያንን ቁጥር ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ አንዱን ብሎን ከመፍታት ያነሰ ሆኖ ሳለ ማንም አላየልኝም።

የሌሊት ተማሪ
በእኔም ላይ ይህን የመሰለ ደርሶብኛል፤ የኔው ግን የቻርጀር ማስገቢያው ነበር። ባትሪ ቀይር ተብዬ ቀየርኩ፤ ችግሩ ማስገቢያው ላይ ያለ የላላ ብየዳ ሆኖ ተገኘ።

ቤተኛ ደንበኛ
አንድ ሰው በደለኝ ተብሎ የሙያው ሰው ሁሉ ሊወቀስ አይገባም። እኔ ለዓመታት ማሽኔን የማምነው ባለሙያ ላፕቶፑን ገና ሲያነሳው ችግሩን ያውቀዋል፤ እስካሁን አሳፍሮኝ አያውቅም። ጠያቂው እንዲህ ያለ ሰው ቢያገኙ ቁጥር መፈለግ አያስፈልጋቸውም።

ቀና መንገድ
ለእኔ የጠቀመኝ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) ማደስና ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ማስገባት ነው። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ በጣም ፈጥኖልኛል፤ ጠያቂውም ይህንን ቢያደርጉ አይቆጩም።

ሰርኪት
ጠያቂው ስለ ፍጥነት አልጠየቁም። ላፕቶፑን በማንሳት ብቻ የትራንዚስተርን ውስጥ የሚያይ ባለሙያ ካለ ደግሞ ኢንቴል ሊቀጥረው ይገባ ነበር። ጉድለቱ ያለው ሲሊከኑ ውስጥ ነው፦ ከ2 እስከ 5 ለተቆጠሩት በሴኮንድ 3 ጊጋቢት ለሚያስተላልፉ ፖርቶች የሰዓት ምልክት በሚሰጠው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ትራንዚስተር የጌቱ ኦክሳይድ (የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋኑ) ከሚደርስበት ቮልቴጅ አንጻር በጣም ስስ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል፣ ይህም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየባሰ ይሄዳል። ባዮስ ይህንን አያክመውም። ኢንቴል ራሱ ለጥገናና ለመተካት 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ የገመተው በሶፍትዌር የሚስተካከል ስላልነበረ ነው።

ቤተኛ ደንበኛ
በማላቀው ነገር ገብቼ ከሆነ ይታለፍልኝ፤ ስለ ሰውዬው የተናገርኩትን ግን አልለውጥም።

ሽቦ ፈቺ
በትሕትና ብንነጋገር ሁላችንም እንጠቀማለን። ሰርኪት ያነሱት የፖርት ቁጥር ዋናው ነገር ስለሆነ ላስፋፋው። 0 እና 1 የተባሉት በሴኮንድ 6 ጊጋቢት የሚሠሩት ፖርቶች በዚህ ጉድለት አይነኩም። ብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ዋናውን ዲስክ የሚያገናኙት በእነዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቢ2 ቺፕሴት ኖሮበት ባለቤቱ አንድም ቀን ሳይቸገር የኖረ ማሽን ሞልቷል። ኢንቴል በወቅቱ የገመተውም በሦስት ዓመት አጠቃቀም ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት እክል ሊያሳዩ እንደሚችሉ ነበር። አደጋው የሚመጣው የዲቪዲ ድራይቩን አውጥቶ በቦታው ዲስክ የሚያስገባ ሰው ላይ ነው፤ ያ ቦታ ከሚነኩት ፖርቶች በአንዱ ላይ ከሆነ ሰነዱን ሁሉ ደካማው መስመር ላይ አስቀመጠ ማለት ነው። የተጎጂም ጉዳይ ይኸው ይመስለኛል። በአንዳንድ ሞዴሎች የኤምሳታ (የትንሽ ኤስኤስዲ ካርድ) ማስገቢያውም በእነዚሁ ፖርቶች ላይ ነው።

ፖርቱን ለማወቅ ሊኑክስ ከፍላሽ ያስነሱ፤ የሻጩን የይለፍ ቃል መጠየቅም አይኖርብዎትም። ኤልኤስፒሲአይ (lspci) የሚለው ትዕዛዝ የኮንትሮለሩን ሪቪዥን ይሰጥዎታል፣ ዲሜሴጅ (dmesg) የሚለው ደግሞ እያንዳንዱ ድራይቭ በየትኛው መስመር እንደተገናኘ ያሳያል። ሊኑክስ መስመሮቹን ከ1 ጀምሮ ስለሚቆጥር "አታ1" (ata1) ማለት ፖርት 0 እንደሆነ አይዘንጉ። ግንኙነቱ 6 ጊጋቢት ከተባለ ያለ ጥርጥር ጤነኛው ፖርት ነው፤ 3 ከተባለ ግን ዲስኩ ራሱ የቆየ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የመስመሩን ቁጥር ማየት የግድ ነው።

ተጎጂ
የዲስኩን የስማርት መረጃም (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) ይመልከቱ። የኔው ላይ 199ኛው መለኪያ፣ ማለትም የሲአርሲ ስህተት (በመስመሩ ላይ ተበላሽቶ የደረሰ መረጃ) ቆጣሪው፣ ሲያድግ ነበር።

ሰርኪት
ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የላላ ማገናኛም ያንኑ ቆጣሪ ስለሚያሳድገው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አዲስ ገዢ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማሽኑን አየሁት፦ ዴቭ 1ሲ03፣ ሬቭ 04። ዲስኩ አታ1 ላይ በ6 ጊጋቢት፣ ዲቪዲው ደግሞ አታ5 ላይ ነው።

ሽቦ ፈቺ
እንግዲያው ቢ2 ነው፤ ዲስክዎ ግን በፖርት 0 ላይ ስለሆነ አይነካም። ሊደክም የሚችለው በፖርት 4 ላይ ያለው ዲቪዲው ነው። ከገዙት በዚያ ቦታ ዲስክ አያስገቡ፤ ሁለተኛ ዲስክ የግድ የሚያስፈልግዎት ከሆነ ደግሞ ይህ ማሽን አይሆንዎትም፣ መፍትሔው ማዘርቦርድ መቀየር ብቻ ነውና። በዋጋው ላይም ይህንን አንስተው ይነጋገሩ።

የሌሊት ተማሪ
ይህን አንብቤ የራሴን አየሁና ደነገጥኩ፤ ሬቭ 04 ይላል! ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው፣ ዲስኬም አታ3 ላይ ነው።

ሽቦ ፈቺ
ዴቭ ከሚለው ቀጥሎ ምን ይላል?

የሌሊት ተማሪ
1ኢ03።

ሽቦ ፈቺ
በ1ኢ የሚጀምረው የ7 ሲሪየስ ቺፕሴት ነው፤ 04 ለእሱ መደበኛ ቁጥሩ ስለሆነ ይህ ጉድለት የለበትም። የ04 ቁጥር የሚያሳስበው ከፊቱ 1ሲ ሲኖር ብቻ ነው።