የዛሬው ቡጋቲ የድሮው ነው ወይስ ስሙን የገዛ ሌላ ድርጅት?

ናሆም ቪ12
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የውድና ፈጣን መኪና ሠሪውን የቡጋቲን ታሪክ ሳነብ ነው የከረምኩት፣ እና አንድ አልዋጥልኝ ያለ ነገር አለ። ኩባንያው ስለራሱ ሲያወራ ከ1909 ነው የሚጀምረው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ግን መሥራቹ ኤቶሬ ቡጋቲ በ1947 ሞቷል። መኪና መሥራቱም በ1950ዎቹ ቆሟል፣ የተረፈው ደግሞ በ1963 ለሂስፓኖ ሱይዛ ተሽጧል። ከዚያ በ1987 አንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ ስሙን አስነስቶ ጣሊያን ውስጥ አዲስ ፋብሪካ ከፈተና ከሰረ። በ1998 ቮልስዋገን ወሰደው። በ2021 ደግሞ ከክሮኤሺያው የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ ሪማክ ጋር ተጣመረ፣ 55 በመቶ ለሪማክ፣ 45 በመቶ ለፖርሸ። ታዲያ ቅርስ የሚባለው ምኑ ላይ ነው? ስምና አርማ ከመግዛት ያለፈ ነገር ካለ አስረዱኝ። እኔ በቮልስዋገን ዘመን የወጣውን ቬይሮንን ሳየው የጀርመን መሐንዲሶች ጉልበት እንጂ ኤቶሬ አይታየኝም።

የሻንሲ ልጅ
ናሆም ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን ኤቶሬ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ካላየህ መልሱ አይገኝም። አባቱ ካርሎ የታወቀ የቤት ዕቃ ዲዛይነር ነው፣ ወንድሙ ሬምብራንት ደግሞ የእንስሳት ቀራፂ። እሱም ሚላኖ ተወልዶ አልዛስ ውስጥ ሞልሴም ላይ ፋብሪካ ሲከፍት (ያኔ አካባቢው የጀርመን ነበር፣ ፈረንሳይ የሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው) መኪናን እንደ ቅርፃ ቅርፅ ነው ያየው። በ1924 የወጣውን ታይፕ 35 ተመልከት። ቸርኬው ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ነው፣ የፍሬኑ ታምቡር አብሮት አንድ ላይ። ጎማውን ስትፈታ ፍሬኑ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ያ መኪና ታርጋ ፍሎሪዮ የሚባለውን የሲሲሊ የመኪና ውድድር ከ1925 እስከ 1929 ለማንም ሳይለቅ አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ።

ከዚያው ሰው እጅ ግን ሮያል የሚባለው ግዙፍ የቅንጦት መኪናም ወጥቷል። 12.7 ሊትር ሞተር! ለነገሥታት ተብሎ 25 ሊሠራ ታስቦ የተሠራው 6 ብቻ፣ ለደንበኛ የተሸጠው ደግሞ 3። አፍንጫው ላይ የቆመው ዝሆን የወንድሙ ሥራ ነው። የተረፈውን ሞተር ምን አደረገው መሰለህ? ለባቡር! እና በደንብ ሠራለት። ስለዚህ ባለ 8 ሊትር፣ 16 ሲሊንደር፣ አራት ቱርቦ፣ አሥር ራዲያተር፣ 1001 የፈረስ ጉልበት የሆነው ቬይሮን ለእኔ የሮያል የልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው እብደት ሀብታም አሳዳጊ አገኘ። የያኔው የቮልስዋገን አለቃ ፒየሽ ሐሳቡን መጀመሪያ የነደፈው ጃፓን ውስጥ ባቡር ላይ ሆኖ ፖስታ ጀርባ ላይ ነው ይባላል፣ ያኔ እንዲያውም 18 ሲሊንደር ነበር።

ቀላሉ መኪና
ከሻንሲ ልጅ ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ። ታይፕ 35 ያሸነፈው ቀላል ስለሆነ ነው፣ 750 ኪሎ ገደማ። ቬይሮን ወደ 1900 ኪሎ ይጠጋል። ይሄን ክብደት ይዘህ 407 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሮጥ ትልቅ ምህንድስና ነው፣ አልክድም፣ ግን ኤቶሬ ያሸነፈበት መንገድ አይደለም።

ሁሉም የሚዘለውን ሰው ላንሳ፣ ናሆም "አንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ" ብሎ ያለፈውን። ሮማኖ አርቲዮሊ ይባላል፣ የፌራሪ ሻጭ ነበር። ሞዴና አጠገብ ካምፖጋሊያኖ ላይ ፋብሪካ ሠራ። ኢቢ110 የተባለውን መኪና ያስመረቀው መስከረም 15 ቀን 1991 ነው፣ ኤቶሬ በተወለደ በ110ኛ ዓመቱ፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። 3.5 ሊትር ባለ 12 ሲሊንደር፣ አራት ቱርቦ፣ የካርቦን ፋይበር ሻንሲ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ። በ1991! የፎርሙላ 1 ሯጩ ሹማከር ሳይቀር ቢጫውን ገዝቷል። የቸገረው ጊዜው ነው። የዓለም ኢኮኖሚ ተቀዛቅዞ የውድ መኪና ገበያ ሲደርቅ፣ እሱ ደግሞ በ1993 የእንግሊዙን መኪና ሠሪ ሎተስን ገዝቶ ጨመረበት። በ1995 ኪሳራ ታወጀ። የተሠራው መኪና 140 እንኳ አልሞላም። እኔን ከጠየቃችሁኝ እውነተኛው ትንሣኤ እሱ ነው። ቮልስዋገን ገንዘብ ስለነበረው ተሳካለት እንጂ አርቲዮሊ ባያስነሳው ማን ያስታውሰው ነበር?

ብሌን ታይፕ 57
ስለ ዣን ማንም አላነሳም? የኤቶሬ ልጅ። ታይፕ 57ን፣ አትላንቲክን ጨምሮ፣ የሠራው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ነው። አትላንቲክ አራት ብቻ ነው የተሠራው፣ አንዱ ጥቁሩ በጦርነቱ ሰሞን የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዣን በነሐሴ 1939 ሞልሴም አቅራቢያ መኪና ሲፈትን ዛፍ ገጭቶ ሞተ፣ 30 ዓመቱ ነበር። የሚፈትነው መኪና ሰኔ ላይ "ለ ማን" የሚባለውን የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈውን ነው። ጦርነቱ በሳምንታት ውስጥ መጣ። ኤቶሬ ያዘጋጀው ተተኪ የለው፣ ፋብሪካ የለው። ክሩ የተበጠሰው ያኔ ነው ናሆም፣ በ1963 አይደለም።

እና ያንን የ"ለ ማን" ውድድር በጋራ ያሸነፉት ዣን ፒየር ዊሚልና ፒየር ቬይሮን ናቸው። ቮልስዋገን ያንን ስም ሲመርጥ ቢያንስ አንብቧል።

ናሆም ቪ12
ብሌን አመሰግናለሁ፣ የቬይሮንን ስም ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ኢቢ110 ላይም ቀላሉ መኪና አሳምኖኛል። ግን አዲሱን ቱርቢዮን ምን ትሉታላችሁ? ሞተሩ 8.3 ሊትር ባለ 16፣ ቱርቦ የለውም፣ ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተር ታክሎበት 1800 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩን ያበለጸገው የእንግሊዙ ኮስዎርዝ ነው፣ የኤሌክትሪኩ ዕውቀት ከሪማክ፣ ሞልሴም ላይ ይገጣጠማል።

የሻንሲ ልጅ
የዳሽቦርዱን ጌጆች የሠሩት ደግሞ የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ናቸው፣ ጥርሱ ሲዞር በመስታወት ይታያል፣ ትልቅ ስክሪን ፊትህ ላይ የለም። እሱን ኤቶሬ ቢያየው ይወደው ነበር ባይ ነኝ። ባትሪውን እንጃ።

ቀላሉ መኪና
እሱ ላይ እንስማማለን። ክብደቱን ግን አሁንም አልለቅም።