«አምባ» ተራራ ነው ወይስ ምሽግ?

ጠያቂ፦
መቅደላ አምባ፣ አምባ አላጌ ሲባል ተራራ ይመስለኛል። መዝሙር 18 ላይ ግን እግዚአብሔር «አምባዬ» ተብሏል፤ የሕፃናት አምባ ደግሞ መኖሪያ ነበር። የመነሻ ትርጉሙ የትኛው ነው? ከምሽግና ከግንብስ በምን ይለያል?

ባለ ሰዋስው፦
መነሻው የመሬቱ ቅርጽ ነው። አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ አምባ ይባላል። ትግርኛ «እምባ» የሚለው ማንኛውንም ተራራ ስለሆነ፣ እንደ አላጌ ጫፋቸው ሹል የሆኑትም በዚህ ስም የተጠሩት ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል። ምሽግ ከ«መሸገ»፣ ግንብ ከ«ገነባ» የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም የሰው እጅ ሥራ ናቸው። አምባን ግን ተፈጥሮ አጥራ ትሰጣለች፣ ሰው በሩን ይዘጋል። የግእዙ መዝሙር «ጸወን» ያለውን አማርኛው «አምባ» ማለቱ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ መጠጊያ ማለት ነውና። አናቱ ላይ ሰው ሰፍሮ ስለሚያርስ ቃሉ ወደ መንደርም ሰፋ። «አምባራስ» የሚለው ሹመትም ከዚሁ ነው።

የድንጋይ ሰው፦
ቅርጹን ያመጣው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአግድም የተነባበረው ላቫ ነው። ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ያለ ገደል ሆኖ ይቆማል፣ በመካከሉ ያለው ልል አመድ እየተሸረሸረ ተዳፋት ይሆናል። ደብረ ዳሞ ግን አሸዋ ድንጋይ ነው፤ 15 ሜትር ያህሉ በገመድ ይወጣል። ለመከላከያ የሚሆን አምባ ከገደሉ ሌላ የሚታረስ መሬትና ውሃ ይፈልጋል። ብዙዎቹ የሚሸነፉት በውሃ እጦት ነው፤ ዳሞ ላይ ከዓለት የተፈለፈሉ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ያሉት ለዚህ ነው።

ወሎዬ፦
ስለ በሩ ልጨምር። በአምባ ቋንቋ «በር» መዝጊያው ብቻ ሳይሆን ገደሉ ሰንጠቅ ብሎ መውጫ የሚሰጥበት ቦታ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ኮኬት በር ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኖ ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ባሩድና መሰላል ሳይዙ ስለ ደረሱ በሩን ማፍረስ አልቻሉም፤ ወታደሮቹ ግን ከጎኑ ባለው ገደል ተንጠላጥለው፣ የእሾህ አጥሩን ጥሰው ገቡ። ከመቅደላ በታች እሮጌ በተባለው ቦታ ከተደረገው ውጊያ በኋላ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር የቀረው ሰው ጥቂት ስለነበር ዙሪያውን የሚጠብቅ አልነበረም። ያለ በቂ ጠባቂ ገደል ብቻውን አይበቃም።

ባለ ሰዋስው፦
ልክ ነው። ያው ገደል የውስጡንም ሰው ይይዛል፤ የነገሥታት ልጆች በግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ የተጋዙት በዚህ ምክንያት ነው። «ወህኒ ቤት» የምንለውም ከዚያ አምባ ስም ጋር ይያያዛል።