የኤምዋይፒ ውጤት ግራ አጋብቶኛል፣ የገባችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ልጄን ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ላይ አይቢ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት አዛወርኳት፤ የመካከለኛ ክፍሎቹን ፕሮግራም ኤምዋይፒ ይሉታል። የመጀመሪያው ሪፖርት ካርድ ሲመጣ ደነገጥኩ። ከ100 የለ፣ ደረጃ የለ! ሒሳብ በአራት መመዘኛ ተከፍሎ እያንዳንዱ ከ8 ይታረማል፤ እሷ 5፣ 3፣ 4፣ 3 አምጥታ ድምሩ ከ32 15 ሆነ፣ የመጨረሻው ውጤት ደግሞ ከ7 4 ይላል። እኔ በለመድኩት ስሌት ወደቀች ብዬ ልቆጣ ስል መምህሯ «ደህና ናት» አሉኝ። እሺ ይሁን።

የከበደኝ ሁለተኛው መመዘኛ ነው። ቀመር መሸምደድ አይበቃም፣ ከቁጥሮቹ ውስጥ ንድፉን ራሷ ፈልጋ ሕጉን እንድታወጣና ትክክል መሆኑን እንድታሳይ ይጠይቃል። እኛ እንዲህ አልተማርን! ቤት ውስጥ በምን ላለማምዳት? ደግሞ ክፍያው ከብዶን ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ብትመለስ፣ ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ምን ይጎድላታል? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።