የማዕድን ኩባንያ የቀጠረው አንትሮፖሎጂስት ለማን ይቆማል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ኩባንያ አንድ ነባር ሕዝብ በሚኖርበት መሬት ላይ ማዕድን ሊያወጣ ሲል አንትሮፖሎጂስት ይቀጥራል። ባለሙያው የሕዝቡን ባህል፣ ቅዱስ ቦታና የመሬት አያያዝ ያጠናል። ሪፖርቱን ለከፋዩ ያስረክባል። ይህን ሥራ መቀበል ተገቢ ነው? ስድብ አንፈቅድም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ።

ጂኦሎጂስቱ (ፐርዝ)፦ ተገቢ ነው። እኔ ምዕራብ አውስትራሊያ ማዕድን ላይ ነው የምሠራው። እዚህ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የአቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) ሽማግሌዎችና ባለሙያዎች መሬቱን አብረው በእግር ይዞራሉ። ሽማግሌው ቆም ብሎ "ይህቺ ቦታ አትነካም" ይላል። ባለሙያው ቦታውን በጂፒኤስ ይይዛል። ከዚያ እኛ ካርታ ላይ ክልክል ሆኖ ይመጣል። በዚህ ምክንያት የቁፋሮ መስመር ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ባለሙያው "እኔ የለሁበትም" ብሎ ቢቀር ያቺን ቦታ ማን ያስመዘግባት ነበር?

የአንትሮፖሎጂ ተማሪዋ፦ ምዕራብ አውስትራሊያን ካነሳህ የጁካን ሸለቆን ማለፍ አንችልም። ሜይ 24 ቀን 2020 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ እዚያው ፒልባራ በተባለ አካባቢ ሁለት የዋሻ መጠለያዎችን በፈንጂ አፈረሰ። የሰው አሻራ ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ የተገኘበት ቦታ ነው። ባለቤቶቹ የፑቱ ኩንቲ ኩራማና የፒኒኩራ ሕዝቦች ናቸው። ልብ በል፣ ባለሙያ አልጠፋም። በ2013 ኩባንያው ቦታውን ለማፍረስ ፈቃድ አገኘ። በ2014 ባለሙያዎች ገብተው ቆፈሩ፤ 7,000 ያህል ቅርስ ወጣ። ከመካከሉ 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ ቁራጭ ነበረ። ዘረመሉ ሲመረመር ዛሬ በሕይወት ካሉት የቦታው ባለቤቶች ጋር ዝምድና አሳየ። የቅድመ አያቶቻቸው ፀጉር ማለት ነው! ይህ ሁሉ ታውቆ፣ ተጽፎ፣ ለኩባንያው ደርሶ፣ ቦታው ከስድስት ዓመት በኋላ ፈረሰ። እውቀቱ ነበረ። "ተው" ብሎ የማስቆም ሥልጣን ግን አብሮት አልነበረም።

ጂኦሎጂስቱ (ፐርዝ)፦ ያ የሕጉ ጥፋት ነው። የ1972ቱ የቅርስ ሕግ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ በኋላ አዲስ ግኝት ቢመጣ እንኳ ለባለቤቶቹ የይግባኝ በር አልነበረውም። ደግሞ ቁጣው ቀላል አልነበረም። ዋና ሥራ አስፈጻሚውን ጨምሮ ሦስት ከፍተኛ ኃላፊዎች ለቀቁ። ዓለም የተቆጣው ባለሙያዎቹ ቆፍረው የጻፉት ስለነበር ነው። ባይጻፍ ኖሮ ሁለት ዋሻ ፈረሰ ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ሕጉ ላይ ብቻ አትጣለው ወንድሜ። የአውስትራሊያ ፓርላማ ጉዳዩን ሲመረምር ኩባንያው አራት አማራጭ በእጁ እንደነበረ ታወቀ። ሦስቱ መጠለያዎቹን አይነኩም ነበር። ባለቤቶቹ ይህ አልተነገራቸውም። የተመረጠው አማራጭ 8 ሚሊዮን ቶን ያህል ተጨማሪ የብረት ማዕድን የሚያስገኝ ነበር፤ ዋጋው 135 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ይገመታል። ሰው አማራጩን ሳያውቅ የሰጠው ፈቃድ ምኑ ፈቃድ ነው?

የአንትሮፖሎጂ ተማሪዋ፦ ለዚህ ነው ሌላውን መንገድ የምመርጠው። ስቱዋርት ከርሽ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1980ዎቹ ፓፓዋ ኒው ጊኒ ገብቶ ከዮንጎም ሕዝብ ጋር ኖረ። ማዕድን ላጥና ብሎ አልሄደም፤ ሥርዓታቸውንና አፈ ታሪካቸውን ሊማር ነበር። ግን እነሱ ከሚኖሩበት ወንዝ ራስ፣ ተራራው ላይ፣ የኦክ ቴዲ የወርቅና የመዳብ ማዕድን በ1984 ሥራ ጀምሮ ነበር። ዝቃጩን፣ ማለትም ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የሚቀረውን የተፈጨ ድንጋይና ጭቃ፣ የሚይዝ ግድብ ተጀመረ፤ በግንባታ ላይ ሳለ መሬቱ ተንሸራቶ አበላሸው። ከዚያ በኋላ ዝቃጩ ቀጥታ ወንዝ ውስጥ ተለቀቀ። በቀን ወደ 80,000 ቶን!

የወንዙ ወለል በደለል ከፍ አለ። ውሃው ሲሞላ ጭቃው ከዳር ወጥቶ እርሻውና ጫካው ላይ ተኛ። ዛፉ ቆሞ ደረቀ። ሳጎ የሚባለው ዘንባባ የሚበቅልበት ረግረግም ተበላሸ። ሳጎ ለነሱ እንሰት ለጉራጌና ለሲዳማ እንደሆነው ነው፤ ግንዱ ተፍቆ ምግብ ይወጣዋል። ዮንጎሞች ዘንድ ሰውን የጎዳ ሰው ኃላፊነቱን ተቀብሎ መካስ አለበት። ኩባንያውንም በዚሁ ሚዛን መዘኑት። ከርሽ ይህን ጻፈ፤ በአደባባይም ከነሱ ጎን ቆመ። የኩባንያው ቅጥረኛ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል የሚናገር ይመስላችኋል?

የሕግ ባለሙያዋ፦ የፍርድ ቤቱን ጉዳይ ልጨምር፤ ለክርክራችን ቁልፉ እዚያ ነው። በ1994 የወንዙ ዳር ሰዎች የኦክ ቴዲን ዋና ባለድርሻ ቢኤችፒን በራሱ አገር፣ አውስትራሊያ ሜልቦርን ላይ ከሰሱት። ዳኛው ውጭ አገር ያለ መሬት ላይ ስለደረሰ ጉዳት መዳኘት አልችልም አሉ። ሰዎቹ ከወንዙና ከመሬቱ የሚያገኙትን ኑሮ ማጣታቸውን ግን ችሎቱ ሊሰማ ፈቀደ። አያችሁ? ማን ምን ይበላል፣ ከየት ያጠምዳል፣ የማን ሳጎ የት ነው የሚለው የአንትሮፖሎጂስት የዕለት ማስታወሻ፣ እዚህ የክስ ፍሬ ነገር ሆነ። በ1996 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

ጂኦሎጂስቱ (ፐርዝ)፦ አለቀ ስትዪ ምን ተገኘ? ካሳ ተከፈለ። ዝቃጩ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። ቢኤችፒ በ2002 ድርሻውን ለአንድ የልማት ፈንድ ትቶ ወጣ፤ ሲወጣም ከተጠያቂነት የሚከላከልለት ሕግ በአገሪቱ ፓርላማ ወጥቶለት ነበር። ደግሞ እናንተ የማታነሱት አንድ ነገር አለ። ኩባንያው ሲወጣ ብዙ መንደሮች ማዕድኑ እንዲቀጥል ፈርመዋል። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ደመወዝ ከሱ ነበር የሚመጣው። ከሕዝብ ጎን ቆምኩ የሚል ምሁር ከየትኛው ሕዝብ ጎን ነው የቆመው?

የአንትሮፖሎጂ ተማሪዋ፦ ጥያቄህ ከባድ ነው፤ ላልፈው አልፈልግም። ሕዝብ አንድ ድምፅ የለውም። ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል፣ አሮጊቷ ወንዟን ትፈልጋለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን ወንዙ ከሞተ በኋላ፣ ሌላ መተዳደሪያ በሌለበት የተፈረመ ፊርማን እንደ ነጻ ምርጫ መቁጠር ይከብደኛል። ምርጫ ማለት ከቁፋሮው በፊት ነው። ሕንድ ውስጥ ኦዲሻ ላይ የኒያምጊሪ ኮረብታን እይ። ዶንግሪያ ኮንድ የተባሉት ሕዝቦች አምላካችን የሚኖርበት ነው ይሉታል። ቬዳንታ የተባለው የማዕድን ኩባንያ ለቦክሳይት፣ አሉሚኒየም ለሚወጣበት ማዕድን፣ ፈለገው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 የመንደር ጉባኤዎች ይወስኑ አለ። 12 መንደሮች ተሰበሰቡ፤ 12ቱም እንቢ አሉ። እንቢታቸውም ጸና።

የሻኪሶ ልጅ፦ ከአውስትራሊያ እስከ ሕንድ ዞራችሁ፤ እኔ ወደ ጉጂ ልመልሳችሁ። ለገ ደምቢን የማያውቅ የለም። በ2018 የወርቅ ማውጫው ፈቃድ ሲታደስ ሕዝቡ ተቃውሞ ወጣ። ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው እየተወለዱ ነው፣ ከብት እየሞተ ነው፣ ውሃው ተበክሏል የሚል ነበር አቤቱታው። መንግሥት ሥራውን አገደ። ጥናት ይደረግ ተባለ። በኋላ ማዕድኑ ተመልሶ ሥራ ጀመረ።

እኔ ባለሙያ ኩባንያ ጋ ሠራ አልሠራ የሚለው ብዙም አያሳስበኝም። እናቶች ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ያወሩ ነበር። የቱ ጅረት ጋ ከብት እንዳይጠጣ እንደሚከለክሉ፣ የማን ቤት ምን ዓይነት ልጅ እንደተወለደ ያውቃሉ። ይህን በቀኑና በቦታው ተቀምጦ የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ አቤቱታው "ወሬ ነው" ተብሎ አይገፋም ነበር።

የሕግ ባለሙያዋ፦ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰብን የሚነካ ፕሮጀክት ሲመጣ የመመካከር መብት አለ። መመካከርና እንቢ ማለት ግን ለየቅል ናቸው። ተመካከርን ብሎ ፊርማ ሰብስቦ መሄድ ይቻላል።

ጂኦሎጂስቱ (ፐርዝ)፦ ለሻኪሶው ወንድሜ አንድ አሠራር ልንገርህ። እዚህ ብዙ የአቦርጂናል ኮርፖሬሽኖች፣ ማለትም ሕዝቦቹ መሬታቸውን የሚያስተዳድሩባቸው ድርጅቶች፣ ባለሙያውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ሂሳቡን ኩባንያው ይከፍላል፤ ባለሙያው ግን ተጠሪነቱ ለነሱ ነው። ገንዘቡ ከኩባንያ መጣ ማለት አለቃው ኩባንያው ነው ማለት አይደለም።

የአንትሮፖሎጂ ተማሪዋ፦ ይህኛው ያስማማናል፤ ግን ሪፖርቱ የማን ንብረት ነው? ጁካን ላይ ባለቤቶቹ ከኩባንያው ጋር በገቡት ውል ምክንያት በአደባባይ እንደልባቸው መናገር አይችሉም ነበር። ውሉ አፍ የሚያስይዝ ከሆነ ባለሙያውን ማንም መረጠው ማን ለውጥ የለውም። ሕዝቡ ሪፖርቱን በፈለገው ጊዜ ፍርድ ቤት ይዞ የመሄድ መብት አለው ተብሎ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

የሻኪሶ ልጅ፦ እሱ ላይ አንድ ጨምሩልኝ። ጥናቱ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ ለቀበሌ ብቻ ሳይሆን ለአባ ገዳዎችና ለእናቶቹም ተነቦ ይሰማ። የውሃው ምርመራ ውጤት የእንግሊዝኛ ዶሴ ውስጥ ተቀምጦ እነሱ ያንኑ ውሃ እየቀዱ እንዳይኖሩ።