ክርክር፦ የእንግሊዝ ኳስ ወደ ድሮው ርካሽ ትኬት ይመለስ?

በረከት፦ እ.ኤ.አ. በ1948/49 የእንግሊዝ ሊግ ከ41 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አስተናግዷል። ሺሊንግ ከምናምን የያዘ ሠራተኛ ቅዳሜ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር። ዛሬ ያ ሰው ትኬት አይቀምስም። እኔ ዋጋው ይውረድ ባይ ነኝ።

ትዕግሥት፦ ቆይ እንጂ፣ ሕዝቡን ያመጣው ዋጋ ብቻ ነው? ወጣቱ ከጦርነት ተመልሷል። ኪሱ ፍራንክ አለ፣ የሚገዛው ግን የለም። ሥጋም ልብስም በራሽን ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ደግሞ ብርቅ ነው። ታዲያ የት ይሂድ? የማንችስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ በቦምብ ፈርሶ ቡድኑ በማንችስተር ሲቲ ሜዳ ይጫወት ነበር። እዚያ በጥር 1948 ከአርሰናል ጋር ሲጫወት 83,260 ሰው ገባ። ዛሬ ትኬቱን በነጻ ብትሰጠው ያ ዘመን አይመለስም።

ዮናስ፦ ርካሽነቱን የከፈለው ተጫዋቹ ነው ባይ ነኝ። በ1947 የደመወዝ ጣሪያው በሳምንት 12 ፓውንድ ነበር! ክለቦቹ በር ላይ ገንዘብ ይዝቃሉ፣ የተጫዋቹ ደመወዝ ግን ከዚያ አያልፍም።

ማርታ፦ የቦልተኑን አደጋ ረሳችሁት? መጋቢት 1946፣ የቦልተን ሜዳ በርንደን ፓርክ፣ ቦልተን ከስቶክ። ከሜዳው አንዱን ወገን መንግሥት ለዕቃ ማከማቻ ይዞት ስለነበር የዚያ በኩል መግቢያ ዝግ ነው። ሰዉ በሙሉ በሌላው በኩል ተጋፋ። በሮቹ ከተዘጉ በኋላም በባቡር ሐዲዱ በኩል አጥር እየዘለለ ገባ። ከልጁ ጋር መውጣት የፈለገ አባት የአንዱን በር ቁልፍ ሲከፍት ውጭ ያለው ጎረፈ። 33 ሰው ሞተ። ጨዋታው ቆሞ እንደገና ቀጠለ፤ አስከሬኑ ሜዳው ዳር ኮት ተደርቦበት ተኝቶ! በመሃል አዲስ የሜዳ መስመር በሰጋቱራ አሰመሩ። ናፈቀኝ የምትሉት ይሄን ነው?

በረከት፦ እሱን ያደረገው ርካሽ ትኬት አይደለም፣ ተቆጣጣሪ ማጣት ነው። የአደጋው አጣሪ ያኔውኑ የየስታዲየሙ የሰው ልክ በፈቃድ ይወሰን ብሎ ነበር። ሕጉ የወጣው ግን በ1975 ነው፤ ያውም በስኮትላንዱ ኢብሮክስ ስታዲየም 66 ሰው ካለቀ በኋላ። ቆሞ ማየት ራሱ ከ2022 ወዲህ ተመልሷል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቦታና መደገፊያ ብረት ተደርጎለት። ደህንነትና ዋጋን አታደባልቂ።

ማርታ፦ እሺ፣ ልኩ ተወሰነ እንበል። ወንበሩ 40 ሺህ፣ ፈላጊው 100 ሺህ። በርካሽ ስትሸጠው ማን ይወስደዋል? አትራፊው ነዋ! በእጥፍ ቸብችቦ ሠራተኛውን እንደገና ውጭ ያስቀረዋል።

በረከት፦ በስምና በዕጣ ይሸጥ፣ ማስተላለፍ ይከልከል። አትራፊ ሰጋሁ ብለሽ ክለቡ ራሱ አትራፊ ይሁን ትያለሽ?

ዮናስ፦ ዕጣ ከሆነማ እኔ ዲኤስቲቪዬን ልክፈል።